ማን ለማን ቀዳ? ሙዚቃን የመጋራት ታሪክ ከሸክላ እስከ ካሴት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር ላይ ቀርቦ፣ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ተገልብጦ በአቅራቢው የታረመ)



ንግግሬን በሁለት ቃላት ልጀምር። የመጀመሪያው «መቅዳት» ነው። ውኃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ጠላ ከጋን ይቀዳል፤ ካሴትም ይቀዳል። ቴፕ አገራችን ሲገባ ሕዝቡ ለአዲሱ ሥራ አዲስ ስም አልፈለገለትም፤ ከውኃውና ከጠላው ጋር አንድ ላይ መደበው። የቀዳ ሰው ምንጩን አያደርቀውም፤ የቀዳውንም ብዙ ጊዜ ብቻውን አይጠጣውም። ሁለተኛው ቃል «መጋበዝ» ነው። እኛ ዘንድ ምግብና መጠጥ ብቻ አይደለም የሚጋበዘው፤ ዘፈንም ይጋበዛል። በራዲዮ የአድማጮች ምርጫ በሚቀርብበት ሰዓት፣ አንድ ሰው ስሙንና የሚወደውን ሰው ስም ጽፎ፣ ይህን ዘፈን ጋብዙልኝ ብሎ ይልካል። ዘፈኑን አልደረሰውም፤ አልዘፈነውም፤ ሸክላውም የእሱ አይደለም። ግን መርጦታልና ጋባዡ እሱ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ጋባዥ ነው። የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ እስካሁን በአብዛኛው የተጻፈው የድምፃውያን፣ የባንዶችና የአሳታሚዎች ታሪክ ሆኖ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ይሁንና የሰማውን ወድዶ፣ መርጦ፣ ቀድቶ ለሌላ ያደረሰው አድማጭ በዝምታ ታልፏል። እኔ የምከራከረው እንዲህ ብዬ ነው፦ ብዙው ሙዚቃችን ለዛሬ የደረሰው በዚህ ስም አልባ ሰው እጅ ነው፤ ብዙው ዕዳችንም የተከማቸው በዚሁ ሰው እጅ ነው። ሁለቱንም ሳንደባብቅ እንመልከት።

የተሰበረው ሲሊንደር

የተቀረጸ ድምፅ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው በሙዚቃ ሳይሆን በመልእክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃላቸውን በፎኖግራፍ ሲሊንደር ቀርጸው ላኩ። ንግሥቲቱ ታዲያ አንድ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጥተው ነበር፤ መልእክቱ ከተሰማ በኋላ ሲሊንደሩ እንዲጠፋ። ትእዛዙም ተፈጸመ። በተከታዩ ዓመት ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በዚያው መሣሪያ ምላሽ ሰጡ፤ የእነርሱ ድምፅ እንዲጠፋ ያዘዘ አልነበረም። በዚህም ምክንያት ዛሬ የምኒልክንና የጣይቱን ድምፅ እንሰማለን፤ በዚያ መልእክት የተላከው የቪክቶሪያ ድምፅ ግን የለም፤ የቀረው በጽሑፍ የሰፈረው ቃላቸው ብቻ ነው።

ተማሪዎቼ ይህን ሁኔታ ልብ እንዲሉት እወዳለሁ። ንግሥቲቱ ድምፃቸው ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞር አልፈለጉም፤ ይህም መብታቸው ነበር። ዋጋው ግን መጥፋት ሆነ። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ነገር ባለቤቱን ሊያሳስበው ይችላል፤ የማይዞር ነገር ደግሞ አንድ ጊዜ ከተሰበረ የሚተካው የለም። በንግግሬ ሁሉ የምንመላለሰው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ሸክላው

ከዚያ 10 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሳሉ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። እኚህ ሰው በግጥማቸውና በቀልዳቸው የታወቁ፣ የኋለኛው የእግር ኳስ መሪ የይድነቃቸው ተሰማ አባት ናቸው። ሸክላዎቹ በሕትመት የወጡ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂዎች ተብለው ይታወቃሉ። ግራሞፎን ያለው ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን ሸክላ መስማት ማለት ባለግራሞፎኑ ቤት መሰብሰብ ማለት ነበር። ማዳመጥ ከመጀመሪያው የጉርብትና ጉዳይ ነበረ ማለት ነው።

መንግሥት ይህን አዲስ ነገር በአንድ በር ብቻ እንዲያልፍ ማድረግ ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጠ። ሀገር ፍቅር ለትያትርና ለሙዚቃ የዋለው ውለታ የማይካድ ነው፤ ሆኖም አንድ ተቋም ብቻ የከተማውን ጆሮ ሊያረካ አልቻለም። በዚህ መሀል የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ጎልምሰው፣ ሌሊት ሌሊት በየሆቴሉና በየክበቡ የሚሰማው ሙዚቃ ሌላ ዓለም ሆኖ ነበር። ያ ሙዚቃ ግን አዳራሹ ሲዘጋ አብሮ ያበቃል፤ በማግስቱ ለወዳጅ የሚወሰድ ነገር አልነበረም።

ይህን ክፍተት ያየው በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ፣ የውጭ አገር ሸክላ የሚሸጥ ወጣት ነበር፤ አምሃ እሸቴ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሞኖፖሉን ደፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀረጸና ሕንድ አገር ልኮ አሳተመው። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሪከርድስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን እንዳወጣ ይነገርለታል። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንጠራው ሙዚቃ ጉልህ ድርሻ በእነዚያ 6 ዓመታት ውስጥ የተሠራ ነው። አቶ አምሃ ድርጊታቸው ሕጉን የሚጋፋ መሆኑን አላጡትም። ሕጉ የተከበረ ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ የምናዳምጠው ምን ይሆን ነበር? ጥያቄውን ለሕግ ፋኩልቲ ባልደረቦቼ እተወዋለሁ።

ካሴቱ

ካሴት የተባለው መሣሪያ በፊሊፕስ ኩባንያ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። እኛ ዘንድ የነገሠው ግን ከአብዮቱ በኋላ ነው። ከ1974 ጀምሮ ለዓመታት የዘለቀው የሰዓት እላፊ ገደብ የአዲስ አበባን ሌሊት ዘጋው። አቶ አምሃ በ1975 አገር ለቀው ወጡ። ካይፋ ሪከርድስ የተባለው የአሊ አብደላ ካይፋ ድርጅት ለጥቂት ዓመታት ሸክላ ማሳተሙን ቢቀጥልም፣ በ1970ዎቹ መገባደጃ የሸክላ ዘመን አከተመ። ቦታውን የያዙት ታንጎ፣ አምባሰል፣ ኤሌክትራና የመሳሰሉት ሙዚቃ ቤቶች በካሴት ነው የሠሩት።

በካሴት የመጣው ለውጥ ከዋጋ ርካሽነት ያለፈ ነው። ሸክላን ማተም ፋብሪካ ይጠይቃል፤ ካሴትን ለመቅዳት ሁለት ቴፕና አንድ ገመድ ይበቃል። በአገራችን ታሪክ ተራው አድማጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅን ማባዛት ቻለ። በየአውራጃው ከተማ ባዶ ካሴትና የዘፈን ዝርዝር ተቀብሎ የሚቀዳ ሱቅ ተከፈተ። ሰዓት እላፊው ሰውን ቤቱ ሲያስቀምጠው፣ ሙዚቃው ከአዳራሽ ወደ ቤት ገባ። ካሴቱ በአውቶብስ ሹፌር እጅ፣ በወታደር ሻንጣ፣ በነጋዴ ጭነት ተጓዘ። አገር ለቆ የወጣው ወገናችንም በሱዳን፣ በዐረብ አገሮች፣ በአሜሪካ ሆኖ በአንድ ወገኑ ዘፈን፣ በሌላው ወገኑ የቤተሰብ ድምፅ የተቀዳበት ካሴት ይቀበል፣ ይልክም ነበር። መጻፍ የማይችሉ እናቶች ለልጆቻቸው የላኩት የመጀመሪያው በእጃቸው ያለ ደብዳቤ ይኸው ካሴት ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ሥርጭት ውስጥ ግን አንድ ነገር ይጎድላል። ብራና ሲገለበጥ ቁም ጸሐፊው ሥራውን ሲጨርስ ስሙን፣ ያስጻፈውን ሰው ስምና ጸሎት በመጨረሻው ገጽ ማስፈሩ የተለመደ ነበር። ብዙ መጻሕፍት መጽሐፉን የሚሰርቀውን ወይም ጽሕፈቱን የሚፍቀውን የሚያወግዝ ቃልም ይጨመርባቸዋል። የብራና ተመራማሪ ማን፣ ለማን፣ መቼ ገለበጠ ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚያገኘው ከዚያ ነው። ካሴት ቀጂው ግን ስሙን አልጻፈም። በካርቶኗ ላይ የዘፋኙን ስም፣ ቢበዛ የዘፈኖቹን መጠሪያ በእስክሪብቶ ይጽፋል። ሳክስፎን የነፋው፣ ኦርጋን የተጫወተው፣ ግጥምና ዜማውን የደረሰው ሰው በእያንዳንዱ ቅጂ እየተረሳ ይሄዳል። ከአራተኛው ቅጂ በኋላ የሚቀረው ሹክሹክታ የበዛበት ድምፅና አንድ ስም ነው።

ከአንድ ግብዣ ቤት የወጣ ቅጂ

የዚህን የመጋራት ልማድ ኃይል ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ከአገር ውጭ የተፈጸመ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ዝግጅት አሰናጅ፣ አንድ ወዳጁ ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን የማህሙድ አህመድን ሸክላ በአንድ የወዳጆች ግብዣ ላይ ሰማ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ያደረገው ማናችንም ልናደርገው የምንችለውን ነው፤ በካሴት እየቀዳ ለወዳጆቹ፣ ለጋዜጠኞችና ለራዲዮ ሰዎች ላከው፤ ይህን ታውቁታላችሁ ወይ ብሎም ጠየቃቸው። የሚያውቅ አልተገኘም። ፋልሴቶ በተከታዩ ዓመት አዲስ አበባ መጣ። በ1986 «እሬ መላ መላ» በቤልጅግ አሳታሚ አማካይነት በአውሮፓ ወጣ። በ1997 ደግሞ በከፊል በአምሃ ሪከርድስ ሥራዎች ላይ የተመሠረተው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ሕትመት ተጀመረ፤ እስካሁንም ከ30 በላይ ጥራዞች ወጥተውለታል። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም ላይ የተሰማውና ለአዲስ ትውልድ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ የኃይሉ መርጊያ ነው። ዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሥራውን ሲያቀርብ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉም ከቀሩት አንዱ ነበሩ። በ1985 በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ኪቦርድ ብቻቸውን የተጫወቱትን «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘ ካሴት አወጡ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ በታክሲ ሹፌርነት ኖሩ፤ ደንበኛ ሲጠብቁም ከመኪናቸው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ካሴቱ ግን ወደ አገር ቤት ተሻግሮ ነበር። የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስብ አሜሪካዊ፣ ብራያን ሺምኮቪትዝ፣ ባሕር ዳር ከሚገኝ ሱቅ አንድ ቅጂ አገኘና ሰማው፤ ባለቤቱን ፈልጎ አግኝቶም በስምምነት በ2013 ዳግም አሳተመው። አሜሪካ የተሠራ ካሴት ባሕር ዳር ተቀምጦ ቆይቶ ወደ አሜሪካ ተመለሰና ጌታውን ከታክሲ ወንበር ወደ መድረክ መለሰው። ኃይሉ መርጊያ በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አቀረቡ።

በሁለቱም ታሪኮች ውስጥ የምናውቃቸው ስሞች የመጨረሻዎቹ ናቸው። ያን ሸክላ ለፈረንሳዊው ወዳጅ ማን እንደመከረው፣ ያን ካሴት ባሕር ዳር ያደረሰው ማን እንደሆነ አልተመዘገበም። መካከል ላይ ያሉት ሁሉ ኢትዮጵያውያን አድማጮች ናቸው፤ መካከል ላይ ያሉትም ናቸው የጠፉት። የእኛን ሙዚቃ «ያገኙት» የውጭ ሰዎች ናቸው የሚባለው አነጋገር የሚያስከፋን ከሆነ፣ እኔንም ያስከፋኛል፣ መልሱ ቁጣ አይደለም። መልሱ ከእነርሱ በፊት ያገኙትንና ያቆዩትን ሰዎች መመዝገብ ነው።

ዕዳው

አሁን ወደ ዕዳው ልምጣ፤ ባልመጣ ንግግሬ ሽንገላ ይሆናል። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ባለቤትነትን ይደነግጋል። ሕጉ ነበረ ማለት ነው፤ በካሴት ዘመን ግን ሰሚ አልነበረውም። የድምፃዊውንና የድምፅ አሳታሚውን መብት በግልጽ ያቋቋመው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። አዋጁ አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። ለራስ መቅዳትንና ለገበያ መቅዳትን ለይቷል። የእኛ ታሪክ የሚገኘው ግን በሁለቱ መካከል ነው፤ ለወዳጅ መቅዳት።

ለወዳጅ የቀዳ ሰው ሌባ ነውን? እኔ እንዲህ ብዬ አልጠራውም። ነገር ግን 100 ወዳጆች ለ100 ወዳጆች ሲቀዱ ለሙዚቀኛው ቤት የሚገባው ዳቦ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ሙዚቃቸው በየቤቱ የሚሰማ፣ ኑሯቸው ግን ያልተሳካ ባለሙያዎች ያሉን። መጋራት ያቆያል፤ መጋራት ያራቁታልም። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን መካድ የታሪክ ሰው ሥራ አይደለም።

የእኔ ድርሻ

ይህን ርእስ የመረጥሁበትን ምክንያት ሳልናገር ብወርድ አይገባም። ታላቅ ወንድሜ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። ከመሄዱ በፊት በነበረው ሳምንት ከከተማችን ሙዚቃ ቤት አንድ ካሴት አስቀዳ። ዘፈኖቹን አንድ በአንድ የመረጣቸው እሱ ነው። በሁለተኛው ወገን መጨረሻ ላይ፣ ከጎረቤት በተዋሰው ቴፕ፣ ድምፁን ጨመረበት፤ ይህን ለእማማ ጋብዝልኝ የምትል አጭር ቃል ናት። እንዳይጠፋ ብሎም ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለቱን ትንንሽ ፕላስቲኮች ሰበራቸው። የእኔ ትውልድ ሰዎች ታውቃላችሁ፤ እነርሱ ከተሰበሩ በኋላ በላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም።

ወንድሜ አልተመለሰም። ካሴቱን እናቴ ለተወሰነ ጊዜ ታስከፍተው ነበር፤ በኋላ ማዳመጡ ከበዳትና በሣጥን አስቀመጠችው። እኔ ደግሞ የማትሪክ ፈተና ተቃርቦ ትምህርት በራዲዮ መቅዳት ፈለግሁ። ባዶ ካሴት መግዣ አልነበረኝም። የተሰበረውን ቀዳዳ በወረቀት ደፍኜ ቀዳሁበት። ክፋት አልነበረብኝም፤ ዘፈኖቹን ሌላ ቦታ አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር። እውነትም አገኘኋቸው፤ ዛሬ ሁሉም አሉ። ያጣሁት ዘፈኖቹን አይደለም። የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደመጣ፣ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ሊሄድ ሲል ለእናቱ የትኞቹን እንደመረጠ፣ ያችን አጭር ቃልም ነው ያጣሁት። ብራናው የሚያወግዘው ፋቂ እኔ ነኝ።

እናቴ ካረፈች ቆይቷል። ካሴቱን ምን እንዳደረግሁት በሕይወት ሳለች አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኋትም። ዶክትሬቴን የሠራሁት በሌላ ርእስ ነው። ነገር ግን ቤተ መዛግብት በገባሁ ቁጥር አንድ ነገር ከማስታወስ አልቦዘንሁም፤ የአንድ ሰነድ ዋጋ በውስጡ በተጻፈው ብቻ አይለካም፤ ማን ለማን አዘጋጀው የሚለውም ሰነድ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አንድ ሥራ አለኝ። ማርክ የለውም። በየቤታችሁ፣ በአያቶቻችሁ ሣጥን፣ በአልጋ ሥር፣ ካሴት አለ። ቴፑ እያረጀ፣ ቀለሙ እየረገፈ ነው። ሳትጥሉት፣ በላዩም ሳትቀዱበት፣ ባለቤቱን ወይም የሚያውቀውን ሰው አነጋግሩ። ካርቶኑ ላይ ያለው የማን እጅ ጽሕፈት ነው? ማን አስቀዳው? ለማን? በየት ከተማ? ሊሄድ የነበረ ሰው ነው ወይስ የተመለሰ? ዘፈኖቹንስ በምን ቅደም ተከተል አስገባቸው? የተጫዋቾቹን ስም የሚያስታውስ ካለ ያንንም ጻፉ፤ ያ ለባለሙያዎቹ የምንከፍለው ትንሽ ዕዳ ነው። ቁም ጸሐፊዎቻችን በመጨረሻው ገጽ ያሰፍሩት የነበረውን እኛ ከ40 ዓመት በኋላ በሌሎች ስም እናስፍርላቸው።

እናንተ ዛሬ በስልካችሁ የምትወዱትን ዘፈን ለወዳጃችሁ በአንድ ጊዜ ትልካላችሁ፤ መላኩ ቀሏል። ስትልኩ ግን የተጫወተውን ሰው ስም ጨምሩ፤ ለምን እንደመረጣችሁትም አንዲት መስመር ጻፉ። ያች መስመር ከዘፈኑ ቀድማ ትጠፋለች፤ ጠፍታ ስትገኝም ከዘፈኑ በላይ ትፈለጋለች።